ገመድ፣ ቀላድና ሳተላይት፦ ካርታ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ጉና ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ መንገዱ አንድ አይደለም። በምዕራብ በኩል የወረደው ርብንና ጉማራን ተከትሎ ጣና ይገባል። በምሥራቅና በደቡብ የወረደው በጋይንትና በስማዳ ሸለቆዎች እየተጠማዘዘ በሽሎ ገደል ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትርን ያልፋል፤ በስማዳ ደቡብ በሽሎና ዓባይ የሚገናኙበት ቆላ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ነው። በእነዚህ ሁለት ከፍታዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተዘርግተዋል፤ ከተሞቻቸውም ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ናቸው። ከገብስና ከድንች አገር የተነሣ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ማሽላ ወደሚበቅልበት ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አገር ካርታ ላይ ማስፈር ያስቸግራል፤ ያለ ካርታ ማልማትም እንዲሁ።

ባላገሩ ግን ካርታ ቸግሮት አያውቅም ነበር። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለው አከፋፈል ከፍታን፣ ሙቀትን፣ ሰብልንና በሽታን አንድ ላይ የያዘ ዕውቀት ነው። በኋላ ዘመን ስዊሳዊው የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የኢትዮጵያን የግብርና ቀጠናዎች በሳይንስ ሲያደራጁ እነዚሁን ስሞች ነው የወሰዱት። በርስት ዘመን ሰው የመሬት መብቱን የሚቆጥረው በትውልድ ሐረግ ነበር። ወሰኑ በድንጋይ፣ በዛፍ፣ በወንዝና በሽማግሌ እማኝነት ይጸናል። ጥማድ የሚባለው መለኪያ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ያህል ስለሆነ ድንጋያማው ጥማድና ለስላሳው ጥማድ በስፋት አይተካከሉም። ይህን ጉድለት አድርጎ የሚያየው ከተሜ ነው። ለአራሹ ግን ስንት ቀን እንደሚደክም የሚነግረው ትክክለኛ መለኪያ ነው።

አገሩን በመሣሪያ ለመለካት ከመጡት የውጭ ሰዎች ትልቁን ሥራ የሠራው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ገብቶ እስከ 1848 ድረስ ከሰሜን ጫፍ እስከ ከፋ ተዘዋወረ። ዘዴው ለመረዳት ቀላል፣ ለመሥራት ግን አድካሚ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ዙሪያውን የሚታዩት ተራሮች ያሉበትን አቅጣጫ በቴዎዶላይት ይመዘግባል፤ ወደሚቀጥለው ከፍታ ሄዶ ያንኑ ይደግማል፤ ሁለቱ የእይታ መስመሮች በተቋረጡበት ነጥብ ተራራው ካርታው ላይ ይቀመጣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ የሚፈላበትን ዲግሪ እየለካ የቦታውን ከፍታ ያሰላ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም በፓሪስ በመጽሐፍ ታትሞ እ.ኤ.አ. በ1873 ተጠናቀቀ። ቁጥሩም ካርታውም እዚያው ቀረ። አገሩን የሚለካው ሰው ልኬቱን ይዞ የሚሄድበት ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተደግሟል።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደግሞ በጋይንት ምድር ላይ ሌላ ዓይነት ልኬት ተካሄደ። ንጉሡ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ነበር የሚጓዙት። ይህ በእግረኛና በበቅሎ መንገድ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ መንገዱ ራሱ እየተሠራ መሄድ ነበረበት። ጉዞው ደጋውን ይዞ በጋይንት በኩል ጨጨሆ ደረሰ፤ በዘቢጥና በቤተ ሖር አድርጎ የጅዳን ገደል ወርዶ ወጣ፤ ደላንታን አልፎ በሽሎን ተሻገረና በመጋቢት መቅደላ ገባ። ዛሬ መኪና በሰዓታት የሚጨርሰው መንገድ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር አብረው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሠዓሊውም ደራሲውም የያዘው ይህን የንጉሡን ትዕግሥትና ቁጣ ነው። እኔን የሚገርመኝ መንገዱን የመረጡት ሰዎች ናቸው። ያን ያህል ክብደት ገደል ለማውረድ ተዳፋቱ የት እንደሚላላ፣ ጎርፍ የት እንደሚያጥብ፣ ጠመዝማዛው በየት ቢዞር በሬውም ሰውም እንደሚችለው ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሰላውን ይህን ሥራ የሠሩት የአገሬው ሰዎችና ወታደሮች፣ በዐይናቸውና በእግራቸው ነው። ስማቸውን የመዘገበ የለም፤ ካርታም አልሣሉም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድም በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ነው ያለፈው፤ በዚያ አገር ሸንተረሩን ያልተከተለ መንገድ ገደል ይጠብቀዋል።

ከቴዎድሮስ በኋላ ያለው ዘመን በዚህ በኩል ብዙ የሚተረክ የለውም፤ አንድ ቃል ግን የግድ መነሣት አለበት፦ ቀላድ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በደቡብ የአገሪቱ ክፍል መሬት በገመድ እየተለካ በጋሻ ሲከፋፈል፣ ቀላድ የገባበት ገበሬ ብዙ ጊዜ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የሰሜኑ ባለርስት ይህን ሰምቷል። ስለዚህ መለካት ማለት መሬትን ማጣት ወይም ግብር መጨመር ማለት እንደሆነ ቆጠረው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ሲላኩ፣ ከስማዳና ከእስቴ ፊት ለፊት ከዓባይ ማዶ ያለው ጎጃም ነፍጥ አነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ የጎጃምን ነገር ለቀቅ ማድረግ ግድ ሆነበት። በዚህ አካባቢ ዛሬም መሣሪያ ይዞ ማሳ የሚዞር ባለሙያ ሲታይ «ምን ሊያመጡብን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። ይህን ሳያውቅ ለሥልጠና የሚመጣ መምህር ትምህርቱን ከመሃል ነው የሚጀምረው።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከአውሮፕላን ብዙ ሺህ ፎቶ አንሥቷል። ዓላማው ጦርነትና ቅኝ ግዛት ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ፎቶዎቹ አዲስ አበባ ቀርተው፣ ጥንካሬ ባላቸው ሰሌዳዎች ላይ እንደተለጠፉ በካርታ ሥራ ድርጅት ግቢ ለዐሥርት ዓመታት ተረስተው ተቀመጡ። በዚህ በእኛ ዘመን የመቀሌና የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድርጅቱ ጋር ሆነው አወጧቸው፤ 34,000 ያህል ፎቶ ተገኘ። አገሪቱን በሙሉ አይሸፍኑም። ቢሆንም ከሰማንያ ዓመት በፊት የት ዛፍ እንደነበረ፣ የትኛው ቦረቦር ገና እንዳልተከፈተ ማየት ተቻለ። «ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር» የሚለውን በየስብሰባው የሚደጋገም ንግግርም በማስረጃ መፈተን ተቻለ፤ በብዙ ሥፍራ ተራራው በዚያን ጊዜም የተራቆተ ነበርና።

አገሪቱ የራሷን ካርታ ለመሥራት ተቋም ያቆመችው ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ወዲያው የመጣው ትልቅ ሥራ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አሜሪካውያን ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር በየተራራው ጫፍ የመለኪያ ነጥብ ተከሉ፤ መነሻቸው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለችው አዲንዳን የተባለች ሥፍራ ነበረች። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲታተም ከበሽሎ እስከ ድንበሩ ያለው ውኃ በቁጥር ተቀመጠ፤ ዛሬ ህዳሴ ግድብ የቆመበት አካባቢም የተመረጠው በዚያን ጊዜ ነው። የአዲንዳን ነገር ከስድሳ ዓመት በኋላ ነፋስ መውጫ ያለ ባለሙያን እንዴት እንደሚያስቸግር ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በዚያው ዘመን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ አትላስ አወጡ፤ በ1970 ደግሞ የተሻሻለውን። ቆይቶ አንድ ለ50,000 የሚባሉት ዝርዝር ካርታዎች እየታተሙ ሲመጡ የጉና ጅረቶችና የጋይንት አፋፎች በቡናማ የከፍታ መስመር ታዩ። ካርታዎቹ ግን አዲስ አበባ ነበሩ። ለመግዛት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ ወረዳ ላይ ያለ የእርሻ ሠራተኛ አንዱን እጁ ካስገባ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆልፎ ያስቀምጠዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር ግድም እንዲደራጅ ተባለ። 800 ሄክታር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የወሰነው ግን ካርታ አልነበረም፤ ሰዎች በእግር ዞረው፣ በወንዝና በተረተር ተስማምተው ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ቀበሌ ወሰኖች ከዚያ ይወረሳሉ። በኮምፒውተር ሲታዩ ጠማማ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ረሃብም ነበረ። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ የአፈርን ነገር የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሃንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ፣ በሸዋና በጎጃም በተመረጡ ትንንሽ ተፋሰሶች የሚታጠበውን አፈር መለካት ጀመረ፤ ከእርሻ ማሳ በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው ግምትም ከእርሳቸው ነው። በደጋው ሁሉ ስንዴና ዘይት እየተከፈለ እርከን ተሠራ። ነገር ግን የሚሠራው በዘመቻና በኮታ ነበር፦ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ እንጂ ውኃው ከየት መጥቶ የት ይገባል ተብሎ አልተጠየቀም። ከላይ ሳይጀመር መሃል ላይ የተሠራ እርከን ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ ሰብስቦ ይሰበራል፤ የተሰበረው እርከን ቦረቦር ይሆናል። ገበሬው ይህን አይቶ አንዳንዱን ራሱ አፍርሶታል። በሪፖርት «የገበሬው ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ቢጻፍም፣ ተፋሰሱን ያላየው ዕቅድ አውጪው ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው ተፋሰሱን ከላይ እያየው ነበር። የመጀመሪያዋ ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀች በኋላ የምድር ፎቶ በየጊዜው ይነሣ ጀመር፤ ከ1977ቱ እልቂት ቀጥሎ በአሜሪካ የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሰብልና የሣርን አረንጓዴነት በሳተላይት ይከታተል ነበር። የስማዳ ቆላ መድረቁን ዋሽንግተን ያለ ባለሙያ በስክሪን ሲያይ፣ ወገዳ ያለው ባለሙያ በእግሩ ዞሮ በወረቀት ያጠናቅር ነበር። መረጃው ወደ ታች የሚመለሰው በእርዳታ እህል መልክ ብቻ ነው።

ነገሩ የተቀየረበትን ዓመት ምረጥ ብባል 1992 ዓ.ም. እላለሁ። በየካቲት የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የምድር የየብስ ገጽ በራዳር ለክታ የከፍታ መረጃ ሰበሰበች። ሚያዝያ 24 ቀን አሜሪካ በጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት አነሣች፤ እስከዚያ ቀን መቶ ሜትር ሊስት ይችል የነበረው የእጅ መሣሪያ በአንድ ሌሊት ወደ ዐሥር ሜትር ግድም ተጠጋ። በዚያው ዓመት የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46/1992ን አወጣ። ሦስቱ ነገሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

አዋጁን ተከትሎ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር መጣ። የቀበሌ ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ በገመድ ወይም በሜትር ለክቶ፣ በአራቱም ማዕዘን አዋሳኙ ማን እንደሆነ ጻፈ። የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ተለጠፈ፤ ለብዙ ሴቶች ስማቸው ከመሬት ጋር በወረቀት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። ይህ በእውነት ትልቅ ሥራ ነው። ካርታ ግን አልነበረውም። «በምሥራቅ እገሌ» የሚለው ጽሑፍ እገሌ ሲሞት ወይም መሬቱን ሲያወርስ ፋይዳው ይቀንሳል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጓሮ ቢካሰሱ ዳኛው የሚያየው የስም ዝርዝር ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። ልማታዊ ሴፍትኔት ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። በእነዚህ ወረዳዎች ለረጅም ዓመታት የሠራውን ፉድ ፎር ዘ ሀንግሪን የመሰሉ ድርጅቶችም ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተሰለፉ። ሥራው እንደ ድሮው በኪሎ ሜትር ብቻ እንዳይቆጠር በዚያው ዓመት የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ወጣ። መመሪያው ከትንሽ ተፋሰስ ጀምሩ፣ ከላይ ወደ ታች ሥሩ፣ ካርታውን ከነዋሪው ጋር ሣሉ ይላል። ሁለተኛው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነው። አንቀጽ 13 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራለት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ይደነግግ ነበር። ጋይንትና ስማዳ ላይ ይህ አንቀጽ ቃል በቃል ቢፈጸም ኖሮ ስንቱ ገበሬ መሬት አልባ ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ቢያንስ ግን የትኛው ማሳ 58፣ የትኛው 63 በመቶ እንደሆነ በግምት መናገር አይቻልም። ባለሙያው መለካት ሊማር ግድ ሆነበት።

የካርታ ትምህርት በእነዚህ ወረዳዎች መሬት የነካው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የመጣው ኮምፒውተር የሌለበት ትምህርት ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የተሻለው እሱ ይመስለኛል። የቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው መሬት ላይ በአመድ ወንዙን፣ በድንጋይ ቤቱን፣ በቅጠል ደኑን፣ በአፈር ክምር ተራራውን ይሠራሉ። ሴቶች የውኃ ምንጩንና የማገዶውን ቦታ፣ እረኞች የግጦሹን፣ ሽማግሌዎች ድሮ የነበረውን ይጨምራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያንን በወረቀት ይገለብጣል፤ ከዚያ ከአፋፍ እስከ ሸለቆ በእግር እየተሄደ ይፈተሻል። ተዳፋቱ በክር፣ በውኃ ልክና ኤ-ፍሬም በሚባለው የእንጨት መለኪያ ይለካል።

ጂ.ፒ.ኤስ. ሲጨመር ክርክር ተነሣ። ከክርክሮቹ አንዱን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ገበሬው ትክክል የሆነበት ክርክር ነው። በ60 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ማለትም በአግድም 100 ሜትር ሲሄዱ 60 ሜትር በሚወጣበት ቁልቁለት፣ ገመድ መሬቱን ተከትሎ 100 ሜትር ቢዘረጋ በካርታ ላይ የሚታየው 86 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ካርታ ሁልጊዜ ከላይ እንደታየ ጠፍጣፋ ስፋት ነውና። በገመድ ተለክቶ በደብተር የተጻፈው ማሳ በሳተላይት ሲለካ ያንሳል። «ገመዱ መቶ ካለ እናንተ ሰማንያ ስድስቱን ከየት አመጣችሁት? የቀረውስ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ጥያቄው የሂሳብ ጥያቄ ነው፤ ቀላድን የሚያስታውስ አገር ውስጥ ሲጠየቅ ደግሞ የፖለቲካም ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ቀድሞ ያስረዳል፤ ማዳበሪያና ዘር በጠፍጣፋው ስፋት እንደሚሰላ፣ የእርከን ርዝመት ግን በገመድ እንደሚለካ ይለያል። ያላስረዳው ከሁለተኛው ማሳ አያልፍም።

ሁለተኛው መሰናክል አዲንዳን ነው። የድሮው አንድ ለ50,000 ካርታ የተሠራው በአዲንዳን መነሻ ሲሆን፣ ጂ.ፒ.ኤስ. ከፋብሪካው ሲወጣ የሚሠራው በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። ሁለቱ መነሻዎች በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይለያያሉ። መሣሪያውን ሳያስተካክል ነጥብ የሰበሰበ ባለሙያ ምንጩን ከካርታው ላይ ሲያስቀምጠው ሜዳማ አገር ቢሆን ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ጋይንት ላይ ግን ሁለት መቶ ሜትር ማለት ከተረተሩ ወዲያ ማዶ፣ ሌላ ተፋሰስ፣ አንዳንዴም ሌላ ቀበሌ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ነጥቡን በዲግሪ፣ ሌላው በሜትር ሲጽፍ፣ ሦስተኛው የዞን ቁጥር 37ን ሲረሳ የወረዳው መዝገብ ይዛባል። በሥልጠና ላይ ከሶፍትዌሩ ቁልፎች ይልቅ ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ቢሰጥ አይበዛበትም።

የከፍታው የራዳር መረጃ መጀመሪያ በ90 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከአፍሪካ ተጀምሮ በ30 ሜትር ዝርዝር በነጻ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ተፋሰስን በኮምፒውተር መከለል ለሠለጠነ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ፕሮግራሙ ምድሩን በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ከፋፍሎ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውኃ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ወደ ዝቅተኛው እንዲወርድ ያደርጋል፤ ባለሙያው መውጫውን ነጥብ ሲጠቁም ወደዚያ የሚፈስሰው መሬት በሙሉ ይታያል። ለዚህ የሚያገለግለው ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. ክፍያ የለውም። ድክመቱም መነገር አለበት፤ ስፋቱ አምስት ሜትር የሆነ ቦረቦር በ30 ሜትር ቁራጭ ውስጥ ይሰወራል፤ የበሽሎ ቀጥ ያለ ገደልም ለስላሳ ቁልቁለት መስሎ ይታያል። በእግር ያልተፈተሸ የኮምፒውተር ካርታ ላይ ክትር የሚያቅድ ሰው ክትሩን ገደል ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ትምህርት ቤቶቹ በዚህ መካከል ተስፋፉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በመሬት አስተዳደር በዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ቀጥሎም ከአሜሪካው ኮርኔል ጋር የተቀናጀ የተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ደብረ ታቦርም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ በየወረዳው የካርታ ፍላጎት ፈጠረ። የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከየወረዳው የአፈር ናሙና ሰብስቦ የለምነት ካርታ አወጣ፤ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ይባል የነበረው የማዳበሪያ ምክር በሰልፈርና በቦሮን ጉድለት እየተለየ መጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና መጠቀች። ደስታው ተገቢ ነበር። ለወረዳ ባለሙያ ሥራ ግን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ቀኑ በ10 ሜትር ዝርዝር በነጻ የሚገኘው የአውሮፓው ሴንቲኔል ፎቶ እስከ ዛሬ ይበልጣል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሠመረው የካርታ ትምህርት ማንም ሥልጠና ብሎ ያልጠራው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 በእንግሊዝ ገንዘብ በአማራና በሌሎች ሦስት ክልሎች የተካሄደው ፕሮግራም 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ ነበር የተነሣው። ዘዴው ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶ በትልቁ አትሞ ማሳው ድረስ መውሰድ ነው። ገበሬው ከአዋሳኞቹ ጋር ቆሞ «ይህች ብሳና፣ ይህ የእኔ ደንበር» እያለ ያሳያል፤ ባለሙያው በእስክሪብቶ ያሰምራል፤ ረቂቁ በቀበሌ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፎቶውን አንብቦ ባለሙያውን ያርማል። ገበሬው ካርታን የሚፈራበት ዘመን ያበቃው፣ ባበቃበት ቦታ ሁሉ፣ የራሱን ማሳ በራሱ ጣት ሲያሳይ ነው።

የተፋሰሱ ካርታ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ሠልጣኙ ባለሙያ ሲበቃ ወደ ዞን ይዛወራል፣ ወይም የተሻለ ደሞዝ ወዳለበት ድርጅት ይሄዳል፤ የሰበሰበው ፋይል በላፕቶፑ ወይም በፍላሹ አብሮ ይሄዳል። በክፍያ የሚሠራ ሶፍትዌር የተማረው ደግሞ ፈቃዱ ሲያልቅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፕሮጀክት ሲዘጋ የተጠረዘ ሪፖርት ለወረዳው ይቀራል፤ ካርታው በውስጡ ሥዕል ሆኖ ታትሟል፣ ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል ግን ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ዳባዲ ልኬቱን ፓሪስ ይዞ ከሄደ ወዲህ የተለወጠው የመሣሪያው ዓይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ከትግራይ የተነሣው ጦርነት መጣ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በተዋጊዎች እጅ ወደቀች፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሴቶች የተደፈሩባት፣ የጤና ተቋም ሳይቀር የተዘረፈባት ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ሳተላይቱ በየጥቂት ቀኑ ፎቶውን ያነሣል፤ የሚያወርደው ግን አልነበረም። በታጠቀ ኃይል በተከበበ መንገድ ላይ ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ ተዳፋት የሚለካ ወጣት ባለሙያ ምን ተብሎ ሊጠረጠር እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ለአርባ ዓመት ያህል የሠራው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ድረ ገጽ ለወራት ተዘጋ። የስማዳን ድርቅ ከዋሽንግተን ማየት በአንድ ፊርማ ሊቆም እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

ስለዚህ ለክልሉ ግብርና ቢሮና ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚቀርብ ልመና አለ፤ ወጪውም ትንሽ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች ከማንኛውም ፕሮጀክት ጋር የሚፈረም ውል የካርታው ዋና ፋይል ለወረዳው እንዲሰጥ፣ ቅጂውም ዩኒቨርሲቲው ዘንድ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኑረው። ሥልጠናው ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ በነጻ ሶፍትዌሮች ይሰጥ፤ በየወረዳው ከአንድ ሰው ይልቅ ሦስት ሰው ይሠልጥን፤ ከሦስቱ አንዱ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይሁን። የየቀበሌው ተፋሰስ ካርታም በትልቁ ታትሞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገበሬው በየዓመቱ ጥር ላይ ለዘመቻ ሲሰበሰብ የተሳሳተውን በእስክሪብቶ እንዲያርመው።